የሚፋጅና አልጫ፦ ከጀሪፍ ገበታ የተነሣ የቃል ታሪክ

በካርቱም፣ በጥቁር ዓባይ ዳር የሚገኘው ጀሪፍ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ከመፈንዳቱ በፊት ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖሩበት ነበር። በዚያ ከዐረብኛ ተናጋሪ ጋር ገበታ የቀረበ አማርኛ ተናጋሪን አንድ የጣዕም ቃል ይፈታተነዋል። ዐረብኛው ‹ሓር› ትኩስም የሚያቃጥልም ማለት ነው፤ ከእሳት የወረደ ሻይም፣ በሱዳን ‹ሸጣ› የሚባለው በርበሬ የበዛበት ወጥም በዚሁ ቅጽል ይጠራሉ። (ለአማርኛ ጆሮ ድምፁ የሚቀርበው ለሚለበሰው ሐር መሆኑ ያስፈግጋል።)

አማርኛ ለመጀመሪያው ፍቺ ‹ትኩስ› አለው፤ ለሁለተኛው ግን የተለመደ ቅጽል የለውም። ጣፋጭ፣ መራራ፣ ኮምጣጣ እያልን መጥተን በርበሬው ላይ ስንደርስ ወደ ግሥ እንዞራለን፦ ይፋጃል፣ ያቃጥላል፣ ይለበልባል። ግሦቹም የምላስ ብቻ አይደሉም፤ ፍም ይፋጃል፣ እሳት ያቃጥላል፣ ሳማ ይለበልባል። ‹ሻዩ ይፋጃል› ሲባል ግለቱን፣ ‹ድልሁ ይፋጃል› ሲባል በርበሬውን የምንረዳው ከባለቤቱ እንጂ ከግሡ አይደለም። እንግዲህ ዐረብኛ በቅጽሉ ያጣመረውን አማርኛም በግሡ አጣምሮታል።

የቅጽሉን አለመኖር በበርበሬው እንግድነት ማመካኘት ይቀላል። ዛሬ በርበሬ የምንለው ተክል መገኛው አሜሪካ ነውና ከ1492 እ.ኤ.አ. በፊት አፍሪካ አያውቀውም ነበር። ምክንያቱ ግን አያጠግብም፤ ምላስን የሚለበልብ ነገር ከዚያም በፊት ነበረና። የግዕዙ ማቴዎስ ወንጌል በ13፥31 ‹ሰናፔ› የሚለው ከግሪክ የመጣ ቃል የዛሬው ሰናፍጭ ነው። ቁንዶ በርበሬም፣ ዝንጅብልም፣ ጥምዝም ከአሜሪካ የመጡ አይደሉም።

በእኔ ግምት መጤው በርበሬ አሻራውን የተወው በተቃራኒው ቃል፣ በ‹አልጫ› ላይ ነው። በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ማቴዎስ 5፥13 ላይ አልጫ የሚሆነው ጣዕሙን ያጣ ጨው ነው። ዛሬም ጨው ያነሰው ወጥ አልጫ ሆነ ይባላል፤ ፍሬ የሌለው ንግግርም እንዲሁ። ነገር ግን ጨዉ የተስተካከለ፣ እርድና ዝንጅብል የገባበት፣ የሚጣፍጥ ወጥ ሳይቀር በርበሬ ስለሌለበት ብቻ ‹አልጫ ወጥ› ተብሏል። በርበሬ በጨው ወንበር ተቀመጠ ማለት ነው። ይህ ሁለተኛ ፍቺ አሁን ላለው በርበሬ የተሰጠ ከሆነ፣ ከ16ኛው መቶ ዘመን ሊቀድም አይችልም፤ የጣዕም ቃላት እንዲህ ያለ የዘመን ወሰን የሚገኝላቸው ከስንት አንዴ ነው።

መዝገበ ቃላት ስናዘጋጅ ሁለቱን ፍቺዎች በአንድ መስመር ‹ጣዕም የሌለው› ብለን ብናልፍ ይህ ቅደም ተከተል ይጠፋል። የጀሪፍ ገበታም ልዩነቱን ያሳያል፦ አልጫን ለሱዳናዊ እንግዳ የሚያስረዳ ሰው ‹ሸጣ የሌለበት› ይለዋል እንጂ ጨውን አያነሣም።