በቤት ውስጥ ኢነርጂን መቆጠብ፦ ከምጣዱ መጀመር

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ ጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ በምትገኘው ጥሊሊም ሆነ በሌሎች ከተሞች፣ በኤሌክትሪክ በሚጋግር ቤት የፍጆታውን ትልቅ ድርሻ የሚወስደው መብራት ሳይሆን ምጣድ ነው። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ ለ2 ሰዓት ሲሠራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ይህ መጠን ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖልን በቀን 5 ሰዓት ለ5 ወራት ያህል ያበራል።

በኤሌክትሪክ ሲጋግሩ
• ሊጡ ኩፍ ማለቱን ሳያረጋግጡ ምጣዱን አያሙቁ።
• የሚበቃዎትን እንጀራ በአንድ ጊዜ ይጋግሩ፤ ምጣዱን ደጋግሞ ከቅዝቃዜ ማሞቅ ብክነት ነው።
• የመጨረሻውን እንጀራ ምጣዱን አጥፍተው በቀረው ሙቀት ያብስሉ።
• የኃይል ጭነት ከሚበዛበት የምሽት ሰዓት ውጭ ይጋግሩ።
• ኃይል ሲቋረጥ ምጣዱን ያጥፉ፤ በድንገት ሲመለስ አደጋ ሊያስከትል ይችላል።

በማገዶ ሲያበስሉ
• በሦስት ጉልቻ ፋንታ ምርጥ ምድጃ ይጠቀሙ፤ ለእንጀራ መጋገሪያ የሚውለውን ማገዶ እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ ጭሱንም ያቃልላል።
• እርጥብ እንጨት በጭስ ስለሚባክን፣ በክረምት የሚያስፈልገውን በበጋ አድርቀው ከዝናብ ያስጠልሉ።
• ባቄላና አተርን አስቀድመው ይዘፍዝፉ፤ ድንች ሲቀቅሉ ድስቱን ይክደኑ።

የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ መጠን ከፍ ስለሚል፣ ቁጠባው ወርኃዊ ክፍያዎን ይቀንሳል። ወር በገባ ቁጥር የቆጣሪዎን ንባብ መዝግበው ካለፈው ወር ጋር ያነፃፅሩ። ስለ ቆጣሪና ሂሳብ ጥያቄ ካለዎት ወደ ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የጥሪ ማዕከል በ905 ይደውሉ።