«ክፈት» ያለን ማን ነው?

ስልካችን «ክፈት» ሲለን በአማርኛ መናገሩ ደስ ይለናል። ቆይተን ግን እናኮርፋለን፤ እህቶቻችንስ? እናቶቻችንስ «ይክፈቱ» አይባሉም? እስኪ ተርጓሚውን ከመውቀሳችን በፊት ነገሩ ከየት እንደጀመረ እንይ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1980ዎቹ ዩኒክስ ላይ «ካትጌትስ» የሚባል ዘዴ ነበር። እያንዳንዱ መልእክት ቁጥር ይሰጠዋል፤ ፕሮግራሙ ቁጥሩን ይዞ ከሌላ ፋይል ትርጉሙን ያመጣል። ቁጥሩ ከተዛነፈ ደግሞ ሌላ መልእክት ይዞ ከች ይላል።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሰን ማይክሮሲስተምስ «ጌትቴክስት»ን ይዞ መጣ። ቁጥሩ ቀረና እንግሊዝኛው ራሱ ቁልፍ ሆነ፤ ትርጉም ካለ ትርጉሙ፣ ከሌለ እንግሊዝኛው ይታያል። በ1995 ኡልሪሽ ድሬፐር ነፃውን የግኑ ቅጂ ጻፈ። ፕሮግራመሩ ጽሑፉን በቅንፍ ከትቶ ከፊቱ አንዲት የስር መስመር ጣል ማድረግ ብቻ በቃው። ያኔ ፊደላችን ገና ዩኒኮድ ውስጥ አልገባም፤ የገባው በ1999 ነው።

ጣጣው ያለው ቁልፉ ላይ ነው። እንግሊዝኛው «ኦፕን» ሲል ትእዛዝም ሊሆን ይችላል፣ ሁኔታም፤ ለእኛ ግን «ክፈት» ሌላ፣ «ክፍት» ሌላ ነው። ጌትቴክስት አንዱን ቃል እንደ አገባቡ ለይቶ መተርጎም ያስቻለው በ2006 ነው። ቁጥርም አለ፤ እንግሊዝኛ ዜሮን በብዙ ቁጥር ሲጠራ፣ የዩኒኮድ ደንብ ለአማርኛ ዜሮን ከአንድ ጋር ይመድባል፤ ዓረብኛ ደግሞ ስድስት መልክ አለው። ሾን በርክ እና ጆርዳን ላክለር በ1999 ስለ ፐርል ሲጽፉ ይህን አይተው ነበር፤ ሐረግ የሚገለበጥ ጽሑፍ ሳይሆን ፋንክሽን ነው ብለው ተከራከሩ።

እናላችሁ፣ «ክፈት» የተርጓሚው ስንፍና ብቻ አይደለም። እንግሊዝኛው ቁልፍ ማንን እንደሚያናግር አይናገርም፤ ተርጓሚው ያለችው አንዲት ቦታ ናት፤ ከአንተ፣ ከአንቺና ከእርስዎ አንዱን መርጦ ይሞላታል። ሌሎቹ ይቀራሉ።

ኮድ የምንጽፍ ልጆች ቢያንስ ዓረፍተ ነገር አንቆራርጥ። «ሰርዝ» ብለን የፋይሉን ስም ከኋላ ከቀጠልን፣ ግሱን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጠው አማርኛ ይሰበራል፤ «ን»ዋም መግቢያ ታጣለች። ሙሉውን ለተርጓሚው እንስጥ፤ የስሙንም ቦታ እሱ ይምረጥ። ማሽኑ አንቺንም እርስዎንም እንዲያውቅ ከፈለግን ደግሞ፣ ቦታውን ኮዱ ሲጻፍ ማበጀት ያለብን እኛው ነን።