ስለ ኖኅ ስካር፤ የኢጣልያ ጠቢባን በሥዕል እንደ ተረጐሙት

ኖኅ ከጥፋት ውኃ ከዳነ በኋላ ወይን ተክሎ፤ ከወይኑም ጠጥቶ ሰክሮ፤ በድንኳኑ ዕርቃኑን እንደ ተኛ በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 9 ተጽፏል። ይህን ታሪክ በአውሮፓ ረኔሳንስ በሚባለው፤ ጥበብ በታደሰበት ዘመን የነበሩ ጠቢባን ደጋግመው ሥለውታል፤ ቀርጸውታልም። ስካርን ለመንቀፍ ከመሸታ ቤት አንዱን ወራዳ መሣል ሲቻል ጻድቁ ኖኅ ስለ ምን ተሣለ ቢሉ፤ ባለጌ ሲሰክር ያየ ሰው ይስቃል፤ ጻድቅ ሲወድቅ ያየ ግን ለራሱ ይፈራልና።

ሎሬንዞ ጊቤርቲ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1425 እስከ 1452 ዓ.ም. በሠራው በፍሎሬንስ ቤተ ጥምቀት የነሐስ መዝጊያ ላይ መርከቡን፤ መሥዋዕቱንና ስካሩን በአንድ ሰሌዳ አኖረ። ይህም ምስጋናና ውድቀት ጎረቤታሞች እንደ ሆኑ ያስረዳል።

ሚኬላንጄሎ ከ1508 እስከ 1512 ዓ.ም. በሮም በሲስቲና ጸሎት ቤት ጠፈር ላይ ከዘፍጥረት 9 ታሪክ ሣለ። ታሪኩ በመንበሩ በኩል ብርሃን ከጨለማ ከተለየበት ጀምሮ በደጁ በኩል በኖኅ ስካር ይፈጸማል። በአንድ ወገን ኖኅ ቆሞ ምድር ይቈፍራል፤ በሌላው ወገን ተዘርሮ ተኝቷል። ወይኑን የተከለውና በወይኑ የወደቀው አንድ ሰው ነው። ካም አባቱን በጣቱ ያሳያል፤ ሠዓሊው ግን ልጆቹንም ዕርቃናቸውን ሣላቸው። በሰው ውድቀት የሚዘብት የራሱን ዕርቃን ረስቷልና።

ጆቫኒ ቤሊኒ በእርጅናው ዘመን በ1515 ዓ.ም. ገደማ የሣለው ሥዕል ዛሬ በፈረንሳይ አገር በቤዛንሶን ቤተ መዘክር ይገኛል። በዚህም ሽማግሌው ከጽዋውና ከወይኑ ዘለላ አጠገብ ተኝቷል፤ ካም በመካከል ይስቃል፤ ሴምና ያፌት በግራና በቀኝ ሆነው ያለብሱታል።

ኖኅ በነቃ ጊዜ ከአፉ የወጣው ቃል መርገም ነበረ፤ መርገሙም ሳቀ ተብሎ ያልተጻፈበትን የልጁን ልጅ ከነዓንን አገኘ። የአንድ ቀን ጽዋ ዕዳው ለልጅ ልጅ ይተርፋል ሲል ነው። አንድም፤ አባት ሲሰክር ልጆች ይለያያሉ፤ አንዱ ዘባች፤ አንዱ አልባሽ ይሆናል ሲል ነው።

አንባቢ ሆይ፤ ካህን ብትሆን ወይም ሹም፤ ወድቆ ያገኘኸውን አልብሰው። ማልበስ ግን ስካሩን ማመስገን አይደለም፤ ሴምና ያፌት አባታቸውን አለበሱት እንጂ ጽዋውን አልሞሉለትም።