ከልቦለድ የተወሰደ ስም

የንዑሳን ቅንጣቶችን ፊዚክስ ሀ ብሎ የሚጀምር ተማሪ «ኳርክ» የሚለውን ቃል ማግኘቱ አይቀርም። እኔን የማረከኝ የስሙ ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 መሬይ ጌልማን ፕሮቶንና ኒውትሮን ከሦስት ደቃቅ ቅንጣቶች የተገነቡ ናቸው አለ። የስሙን ድምፅ አስቀድሞ ይዞት ነበር፤ አጻጻፉን ግን በ1939 ከታተመው የጄምስ ጆይስ «ፊኔጋንስ ዌክ» ወሰደ። በዚያው ዓመት ጆርጅ ዝዋይግ ለብቻው ከዚሁ ሐሳብ ደርሶ፣ ቅንጣቶቹን በካርታ ጨዋታ ስም «ኤስ» አላቸው፤ ጽሑፉ ግን በጊዜው በመጽሔት ሳይታተም ቀረ።

ብዙዎች ነገሩን የሒሳብ ዘዴ ብቻ አድርገው ቆጠሩት። ከ1960ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በስታንፎርድ ኤሌክትሮኖችን ወደ ፕሮቶን በመተኮስ የተደረጉ ሙከራዎች ግን በፕሮቶን ውስጥ ነጥብ መሰል ነገሮች መኖራቸውን ገለጡ።

ኳርክን ከጓደኞቹ ነጥሎ ያየ እስከ ዛሬ የለም። ሐሳቡ የሁለት ሰዎች ነበር፤ በሰው አፍ የቀረው ግን ከልቦለድ የመጣው ስም ነው።