ሱካርኖ (1901–1970 እ.ኤ.አ.)

ሱካርኖ በደች ቅኝ ግዛት ዘመን በሱራባያ የተወለዱ መሐንዲስ፣ የሕንፃ ነዳፊና የኢንዶኔዥያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚነሳው የነፃነት ትግላቸው ቢሆንም ፖለቲካቸውን ከሙያቸው ነጥሎ ማየት ያስቸግራል። በ1926 ከባንዱንግ በሲቪል ምሕንድስና ተመርቀው ከባልደረባቸው አንዋሪ ጋር ቢሮ ከፈቱ፤ በ1927 ደግሞ የኢንዶኔዥያ ብሔራዊ ፓርቲን መሠረቱ። ደቾች ወደ ቤንኩሉ በግዞት ልከዋቸው ሳለም የከተማዋን የጃሚክ መስጊድ ማደሻ ንድፍ ሠርተዋል። ኢትዮጵያን ጨምሮ 29 አገሮች የተገኙበትን የ1955ቱን የእስያና የአፍሪካ ጉባኤ ያስተናገዱትም በተማሩባት ባንዱንግ ነው።

«እሳቸው መሐንዲስ እንጂ አርክቴክት አልነበሩም፤ ታላላቆቹን ሕንፃዎች የነደፉት ሌሎች ናቸው» የሚል ተቃውሞ አለ። እውነትነት አለው፤ የጃካርታውን የኢስቲቅላል መስጊድ የነደፈው ክርስቲያኑ ፍሬድሪክ ሲላባን ነው። ንድፉን የመረጠውን የዳኞች ቡድን የመሩት ግን ሱካርኖ ነበሩ። የጃካርታው ብሔራዊ ሐውልትም ይህንኑ የሙያና የፖለቲካ ትስስር ያሳያል፦ 17 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው መድረክ፣ የ8 ሜትሩ አዳራሽና የመድረኩ 45 ሜትር ጎን ነፃነት የታወጀበትን ኦገስት (8ኛው ወር) 17 ቀን 1945ን ያመለክታሉ። ድንጋዩ የፖለቲካ ንግግር ሆኗል ማለት ነው።

ሕዝቡ በኑሮ ውድነት ሲማቅቅ ለሐውልት ገንዘብ ማፍሰሳቸው ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ በ1965 የዋጋ ንረቱ ከ500 በመቶ በላይ ነበር። ይህ ወቀሳ የመሪነታቸውን ሚዛን ያጎድላል፤ የሙያና የፖለቲካውን ትስስር ግን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። በ1967 ከሥልጣን ተወግደው በ1970 አረፉ፤ ሐውልቱ ለሕዝብ የተከፈተው በ1975 ነው።