ጥርስ ያወጣ ሕፃን የሚያጠቡ እናቶች የጡት ጫፍ ሕመም፦ ምክንያቱና አያያዙ በመካነ ሰላምና አካባቢው ደጋ

መግቢያ

በኢትዮጵያ የእናቱን ጡት ሳይጠባ የሚያድግ ልጅ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው 97 በመቶ ያህሉ ሕፃናት ጡት ጠብተዋል፤ አብዛኞቹም ሁለት ዓመት ገደማ እስኪሞላቸው ይጠባሉ። እናቶች የሚያገኙት ምክር ግን በአመዛኙ በአራስነት ወራት ላይ ያተኩራል፦ ወዲያው ማስጀመር፣ እንገር መስጠት፣ የሕፃኑ አያያዝ፣ እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ማጥባት። ይህ መጣጥፍ የሚከራከረው ከስድስት ወር በኋላ የሚመጣው የጡት ጫፍ ሕመም መነሻው ከአራስነቱ ስለሚለይ የራሱ ምርመራና የራሱ የምክር ጊዜ ያስፈልገዋል በማለት ነው።

ጉዳዩ የእናቲቱ ሥቃይ ብቻ አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መሠረት የጡት ወተት ከ6 እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን ከሚያስፈልገው ኃይል ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ፣ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ሲሶውን ያህል ይሸፍናል። በዚያው በ2016ቱ ጥናት የወሎዋ መካነ ሰላም በምትገኝበት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል፤ በአገር ደረጃም ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ዝቅተኛውን ተቀባይነት ያለው አመጋገብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሕመም ምክንያት ጡት የሚጥል ልጅ የሚተካለት ምግብ በቀላሉ አይገኝም።

ንክሻና አጠባብ

ሕፃን በደንብ እየጠባ ሳለ ምላሱ የታችኛውን ድድ ስለሚሸፍን መንከስ አይችልም። ንክሻ የሚመጣው ጠግቦ ሲጫወት፣ ሲዘናጋ ወይም እንቅልፍ ሲጥለው ነው። እናት ደንግጣ ብትስበው ጥርሱ ቆዳውን ይልጠዋል። ትንሿን ጣት በአፉ ጥግ አስገብቶ ማስለቀቅ ወይም ወደ ጡቱ ለአፍታ ማስጠጋት አፉን ያስከፍተዋል። ድዱ ያበጠ ሕፃን ከመጥባቱ በፊት በንጹሕ ውኃ የራሰ ቀዝቃዛ ጨርቅ ቢያኝክ ይረዳዋል። ሌሊት ተኝቶ የሚጠባ ልጅ ደግሞ ወደ ጫፉ ብቻ እየተንሸራተተ ያቆስላል፤ መፍትሔው በሰፊው አፍ አስከፍቶ እንደገና ማስያዝ ነው። ተጨማሪ ምግብ የጀመረ ልጅ አፉ ላይ የቀረ በርበሬም ቆዳን ስለሚያቃጥል ከማጥባት በፊት አፉን መጥረግ ይገባል።

የደጋው ብርድ

መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ብርድ የጡት ጫፍን የደም ሥሮች ሊያኮማትር ይችላል፦ ልጁ ጡቱን ሲለቅ ጫፉ ይነጣል፣ ከዚያም ይጠቁራል ወይም ይቀላል፣ ያቃጥላልም። ይህ ብዙ ጊዜ ከፈንገስ ጋር ይምታታል። እንዳጠቡ ወዲያው አድርቆ በጋቢ ወይም በሙቅ ልብስ መሸፈን የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ ካልተሻለ ሐኪም ኒፌዲፒን ሊያዝ ይችላል። በሕፃኑ አፍ ውስጥ ተጠርጎ የማይለቅ ነጭ ነገር ከታየ ግን ፈንገስን መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ያን ጊዜ እናትና ልጅ አብረው ይታከማሉ።

እርግዝናና ጡት ማስጣል

ቁስል ሳይታይ በሁለቱም ጡቶች የሚሰማ አዲስ ሕመም የወር አበባ መመለስን ወይም አዲስ እርግዝናን ሊያመለክት ይችላል። ነፍሰ ጡር እናት ካጠባች ልጁ ይታመማል የሚለው ሥጋት እናቶችን ጡታቸው ላይ እሬት ቀብተው በድንገት እንዲያስጥሉ ይገፋፋል። ጤነኛ በሆነ እርግዝና ማጥባት ግን ለተፀነሰውም ለሚጠባውም ጎጂ መሆኑ አልተረጋገጠም። ወተቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ የልጁን ምግብ ማጠናከር ያስፈልጋል፤ ደም የፈሰሳት ወይም ያለጊዜዋ የወለደች እናት ሐኪም ማማከር አለባት። በድንገት ማስጣል ጡትን አሳብጦ ለኢንፌክሽን ስለሚያጋልጥ፣ ማስጣል ካስፈለገ በየጥቂት ቀኑ አንድ ጊዜ የሚጠባውን መቀነስ ይሻላል። በወሎ በእስልምናም በክርስትናም ቤቶች ልጅን እስከ ሁለት ዓመት ማጥባት አዲስ ነገር ስላልሆነ ይህ ምክር ከነባሩ ልማድ ጋር አይጋጭም።

ማጠቃለያ

ምክሩን ለማድረስ አዲስ ፕሮግራም መዘርጋት አያስፈልግም። እናት ልጇን በ9ኛው ወር ለኩፍኝ ክትባት፣ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህም በ15ኛው ወር ለሁለተኛው መጠን ታመጣለች፤ ሁለቱም ሕመሙ በሚበረታበት ዕድሜ ላይ ይውላሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በዚያ አጋጣሚ «ስታጠቢ ያምሻል? መቼ ነው የሚያምሽ?» ብላ ብትጠይቅ ንክሻን ከብርድ፣ ብርድን ከእርግዝና ለመለየት መነሻ ታገኛለች። ትኩሳት ያላትን፣ ጡቷ የቀላና የጠጠረባትን ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ያስፈልጋል። በአንዱ ጡት ጫፍ ብቻ ወጥቶ በሕክምና የማይድን ቁስል ወይም ቅርፊት ደግሞ የካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል በሆስፒታል መመርመር አለበት። ለሌሎቹ አብዛኞቹ እናቶች ምክንያቱን በጊዜ ማወቅ ማጥባቱን ለመቀጠል በቂ ይሆናል።