ሰባራ ድልድይ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የዓባይ ነገር በችኮላ አይወራም። ሰኔ ገብቶ የጮቄ ተራራ ደመና ሲለብስ፣ ከጎጃም ደጋ የሚወርደው ወንዝ ሁሉ ወደ እሱ ይነጉዳል፤ ድሮ ታዲያ ከሞጣ ቁልቁል ወርዶ ወደ በጌምድር ሊሻገር የመጣ ነጋዴ አህያውን ያራግፍና ማዶውን እያየ ይቀመጥ ነበር፤ ገበያው ማዶ፣ ዘመዱ ማዶ።

በአፄ ፋሲል ዘመን ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1660 ገደማ፣ ወንዙ በዓለት መካከል ተጣቦ በሚያልፍበት ሥፍራ ድልድይ ተሠራ። ድንጋዩን የያዘው ኖራ ነው፤ የኖራው ግንባታ ደግሞ በአባታቸው በሱስንዮስ ጊዜ፣ ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ካህናት አገር ውስጥ ሳሉ የተለመደ ነው። ፋሲል ካህናቱን አባረሩ፣ ኖራውን ግን አስቀሩ፤ እንኳንም አስቀሩ! ግንበኞቹም ቅስቱን ከዓለት ወደ ዓለት ጣሉት፣ ድንጋዩ ድንጋዩን እየተጫነ ሸክሙን ወደ ዳርና ዳር አወረደው፣ ከዚያም 270 ዓመት ያህል ሰውና ከብት ተመላለሰበት።

ከዚያ የጣሊያን ወረራ መጣና በዚያ ጦርነት ቅስቱ ተቆረጠ፤ ስሙም ሰባራ ድልድይ ሆኖ ቀረ። መንገደኛ ግን መች ይቀራል? ወገቡን በገመድ ይታሰራል፣ የገመዱን ጫፎች በዚህም በዚያም ጎበዞች ይይዙታል፣ ከዚያ የጎጃሞቹ እየለቀቁ የበጌምድሮቹ እየሳቡ በአየር ያሻግሩታል፤ ከሥሩ ዓባይ ያጓራል። እንዲህ ሆኖ ከ60 ዓመት በላይ! ከሁለት ወገን የያዙት እጆች ባይኖሩ፣ የሁለቱ አገር ሰው በምን ይገናኝ ነበር?

እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ አሜሪካዊ ተቋራጭ፣ ኬን ፍራንዝ የሚባል፣ ይህንኑ በገመድ መሻገር በመጽሔት ፎቶግራፍ ላይ አየና ዝም ብሎ ማለፍ አቃተው። በዓመቱ ባልደረቦቹን ይዞ መጣ፣ ብረቱም በአህያ ተጭኖ ገደሉን ወረደ፣ ከአገሬው ሰው ጋርም የተቆረጠውን ቦታ ገጠሙት። ዓባይ ግን በ2005 ሞላና ብረቱን ወሰደው። እኔ እንደምፈርደው ጥፋቱ የብረቱ አይደለም፤ ሥፍራው ዝቅ ያለ ነው፣ የክረምት ሙላት ይደርስበታል። ስለዚህ በ2009 ከአሮጌው ድልድይ ጋር መታገሉን ተዉና፣ ጎርፉ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ዘረጉ።

መኪና ያለውማ በደጀን በኩል ይወርዳል፣ ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ2008 ሠርተው ባስረከቡት 303 ሜትር ድልድይም ይሻገራል። የሞጣ በኩል ገበሬ ግን ጤፉን ጭኖ በዚያ መኪና በማያልፍበት የሽቦ ድልድይ ማዶ ገበያ ይሄዳል፣ በክረምትም ቢሆን።